የቆዩ የጨዋታ ኮንሶሎችን በኮምፒዩተርና በስልክ ለማስኬድ የሚጠየቁ የፈርምዌር ፋይሎች፦ ምንነታቸው፣ ሕጋዊነታቸውና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመረቱ የጨዋታ ኮንሶሎች በእርጅና ምክንያት ከአገልግሎት እየወጡ ይገኛሉ። የሲዲ ማንበቢያቸው ይደክማል፤ መለዋወጫቸውም እንደ ልብ አይገኝም። በዚህም ምክንያት በርካታ ተጠቃሚዎች በእጃቸው ያሉትን ጨዋታዎች በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ላይ ለማስኬድ ኢሙሌተር የተባለውን አስመሳይ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙን ጭነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት ግን ብዙውን ጊዜ «የባዮስ ፋይል አልተገኘም» የሚል መልእክት ይገጥማቸዋል።

ለጉዳት በር የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። የተጠየቀው ፋይል ምን እንደሆነ ያልተረዳ ተጠቃሚ በኢንተርኔት ፍለጋ ከፊት የመጣለትን ፋይል አውርዶ ይከፍታል። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂና የባንክ መረጃ ሊኖር ይችላል። ከዚህም ሌላ የፈርምዌር ፋይል በሕግ የሚጠበቅ የፈጠራ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች አይገነዘቡም። ይህ ጽሑፍ ፋይሉ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ እንደማያስፈልግ፣ በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚገኝ እንዲሁም ትክክለኛነቱ እንዴት እንደሚረጋገጥ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ፈርምዌር ምንድን ነው?

ማንኛውም ኮምፒዩተር ኃይል ሲያገኝ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚያነብበት ቦታ ያስፈልገዋል። ይህ ትእዛዝ በመሣሪያው ዋና ሰሌዳ ላይ በተተከለ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ፣ መሣሪያው ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ይጻፋል። ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም፤ በቆዩ ኮንሶሎች ላይም ተጠቃሚው ሊቀይረው አይችልም። ፈርምዌር የሚባለው ይህ ፕሮግራም ነው። በጨዋታ ኮንሶሎች ዘንድ በአብዛኛው «ባዮስ» በሚለው ስም ይታወቃል።

የሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ኮንሶል ፈርምዌር መጠን 512 ኪሎባይት ነው። በዚህ አነስተኛ መጠን ውስጥ አራት ዋና ዋና ተግባራትን ያከናውናል፦

ሀ) ኮንሶሉ ሲበራ የውስጥ ክፍሎቹን ለሥራ ያዘጋጃል፤ የኩባንያውን አርማና የመክፈቻውን ድምፅ ያቀርባል።

ለ) የገባው ሲዲ በኩባንያው ፈቃድ የተዘጋጀና ለኮንሶሉ የገበያ ክልል የተመደበ መሆኑን በማጣራት ሂደት ውስጥ ይሳተፋል።

ሐ) ሲዲ ሳይገባ ሲቀር የሜሞሪ ካርድ ማስተዳደሪያና የሙዚቃ ማጫወቻ ገጽ ይከፍታል።

መ) ለጨዋታዎች ዝግጁ አገልግሎት ይሰጣል። ጨዋታው ከሲዲ ፋይል ለማንበብ፣ ውጤት በሜሞሪ ካርድ ላይ ለማስቀመጥ ወይም የጆይስቲክን ትእዛዝ ለመቀበል ሲፈልግ በፈርምዌሩ ውስጥ የተቀመጠውን ትእዛዝ ይጠራል።

ኢሙሌተሮች ፋይሉን የሚጠይቁበት ዋነኛ ምክንያት አራተኛው ተግባር ነው። የጨዋታው አዘጋጆች እነዚህን ሥራዎች ለየብቻቸው እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ኮንሶሉ ውስጥ ባለው ፕሮግራም ላይ ተደግፈዋል። በመሆኑም በሲዲው ላይ ያለው ጨዋታ ብቻውን የተሟላ አይደለም። «ዝርዝሩ በአባሪው ተመልክቷል» የሚል ደብዳቤ አባሪው ሳይያያዝ ቢደርስ ጉዳዩን ማስፈጸም እንደማይቻል ሁሉ፣ የፈርምዌሩን አገልግሎት የሚጠራ ጨዋታም አገልግሎቱን የሚሰጠው አካል ከሌለ ከመክፈቻው አያልፍም።

2. ኢሙሌተሩ ፋይሉን ለምን አብሮ አያቀርብም?

ኮንሶል ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ መሣሪያ ነው። አንደኛው ግዙፉ አካል ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ የምስልና የድምፅ ቺፖቹን፣ የማስታወሻ ክፍሎቹን ይጨምራል። ሁለተኛው በቺፕ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም ነው።

ግዙፉ አካል የሚሠራበት መንገድ ከተጠና፣ ያንኑ ውጤት የሚሰጥ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በአዲስ መልክ ሊጻፍ ይችላል። ኢሙሌተር የሚያደርገው ይህንን ነው። ፈርምዌሩ ግን ራሱ የተጻፈ ሥራ በመሆኑ ለማግኘት ሁለት መንገዶች ብቻ አሉ፤ ከነበረበት ቺፕ መቅዳት ወይም ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም ከመነሻው መጻፍ ነው። መቅዳት የባለመብትን ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ በኃላፊነት የሚሠሩ የኢሙሌተር አዘጋጆች የኩባንያውን ፋይል ከፕሮግራማቸው ጋር አያሰራጩም፤ ተጠቃሚው ከራሱ ኮንሶል እንዲያወጣው ይጠይቃሉ፣ ወይም የራሳቸውን ምትክ ይጽፋሉ።

ይህ ልዩነት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈትኗል። ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችን በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም አወጣ። ኩባንያው ፕሮግራሙን ሲያዘጋጅ የሶኒን ፈርምዌር ቀድቶ አጥንቷል፤ ለሽያጭ ባቀረበው ምርት ውስጥ ግን የሶኒ ፈርምዌር አልነበረም፤ በምትኩ የራሱን ጽፏል። ሶኒ ክስ መሠረተ። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በሰጠው ውሳኔ፣ አሠራሩን ለመረዳት ሲባል በጥናት ሂደት የተደረገው ቅጂ በአሜሪካ ሕግ ፍትሐዊ አጠቃቀም መሆኑን አረጋገጠ። ሶኒ በቀጣዩ ዓመት ፕሮግራሙን ከኮኔክቲክስ ገዝቶ ከገበያ እንዲወጣ አድርጓል።

ውሳኔው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ለመረዳት ይጠቅማል። በዚህ ጉዳይ የታየው የኩባንያው ኮድ የሌለበት፣ በአዲስ መልክ የተጻፈ ኢሙሌተር ነው። የኩባንያውን የፈርምዌር ፋይል እንዳለ አባዝቶ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን የተለየ ድርጊት ነው፤ ውሳኔውም ይህን አልፈቀደም። «ኢሙሌተር ሕጋዊ ከሆነ የፈርምዌር ፋይሉም ከየትም ቢወርድ ሕጋዊ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ስለዚህ መሠረት የለውም።

3. ሁሉም ኮንሶል የፈርምዌር ፋይል ይፈልጋል?

አይፈልግም። ተጠቃሚው ማንኛውንም ፋይል ከመፈለጉ በፊት ሊያጣራው የሚገባው የመጀመሪያ ነጥብ ይህ ነው። ብዙዎች ለማያስፈልጋቸው ፋይል ሲሉ ኮምፒዩተራቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ።

በካርትሪጅ የሚሠሩ የቆዩ ኮንሶሎች በአብዛኛው ፋይሉን አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም፣ በ1988 የወጣው ሴጋ ሜጋ ድራይቭ፣ በ1990 የወጣው ሱፐር ፋሚኮም እንዲሁም በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 በዚህ ምድብ ይካተታሉ። ጨዋታው የሚያስፈልገው ፕሮግራም በካርትሪጁ ውስጥ ተሟልቶ ስለሚገኝ የእነዚህ ኮንሶሎች ኢሙሌተሮች ለመደበኛ ጨዋታዎች ከተጠቃሚው የፈርምዌር ፋይል አይፈልጉም።

በዲስክ የሚሠሩና ከዚያ በኋላ የመጡ መሣሪያዎች ሁኔታ እንደሚከተለው ይለያያል፦

• ፋሚኮም ዲስክ ሲስተም (1986)፦ ፋይሉ ያስፈልጋል፤ መጠኑ 8,192 ባይት ነው።

• ሜጋ ሲዲ (1991)፦ ፋይሉ ያስፈልጋል፤ ለጃፓን፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተለያዩ ፋይሎች አሉት፤ የእያንዳንዱ መጠን 131,072 ባይት ነው።

• ሴጋ ሳተርን (1994)፦ አብዛኞቹ ኢሙሌተሮች ይጠይቁታል፤ መጠኑ 524,288 ባይት ነው።

• ፕሌይስቴሽን (1994)፦ እንደ ኢሙሌተሩ ይለያያል፤ መጠኑ 524,288 ባይት ነው።

• ድሪምካስት (1998)፦ አንዳንድ ኢሙሌተሮች የራሳቸው ምትክ አላቸው፤ የኮንሶሉ ፋይል መጠን 2,097,152 ባይት ነው።

• ፕሌይስቴሽን 2 (2000)፦ ፒሲኤስኤክስ2 የተባለው ታዋቂ ኢሙሌተር ፋይሉን የግድ ይጠይቃል፤ የዋናው ፋይል መጠን 4,194,304 ባይት ነው።

• ጌም ቦይ አድቫንስ (2001)፦ ኤምጂቢኤ የተባለው ኢሙሌተር የራሱ ምትክ ስላለው ፋይሉ ግዴታ አይደለም፤ የመሣሪያው ፋይል መጠን 16,384 ባይት ነው።

• ፒኤስፒ (2004)፦ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ኢሙሌተር ምንም ዓይነት የፈርምዌር ፋይል አይጠይቅም።

• ፕሌይስቴሽን 3 (2006)፦ አርፒሲኤስ3 የተባለው ኢሙሌተር የሚጠቀመው ሶኒ ለኮንሶሉ ባለቤቶች በራሱ ይፋዊ ድረ ገጽ በነፃ ያቀረበውን የማሻሻያ ፋይል ነው። ስለዚህ ይህንን ፋይል ከሌላ ቦታ ማውረድ አስፈላጊ አይደለም።

4. ምትክ ፈርምዌር

የኢሙሌተር አዘጋጆች የኩባንያውን ፋይል ሳይነኩ አገልግሎቱን ራሳቸው ጽፈው ሲያቀርቡ ተጠቃሚው ከፍለጋም ከሕግ ጥያቄም ነፃ ይሆናል። ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ኦፕንባዮስ የተባለ፣ ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ምትክ አለ። ፒሲኤስኤክስ-ሪአርምድ የተባለው ኢሙሌተርም ፋይሉ በሌለበት ጊዜ በውስጡ ባለው ምትክ መሥራት ይችላል።

ምትኩ ውሱንነቶች ሊኖሩት እንደሚችሉ ተጠቃሚው አስቀድሞ ማወቁ ተገቢ ነው። የኩባንያው አርማ የሚታይበት መክፈቻና የሜሞሪ ካርድ ማስተዳደሪያው ገጽ ላይኖሩ ይችላሉ። አንዳንድ ጨዋታዎች በጅምር ላይ ሊቆሙ ወይም ውጤት ማስቀመጥ ሊሳናቸው ይችላል። ይህ የሚሆነው ምትኩ የኩባንያውን ፈርምዌር እያንዳንዱን ጠባይ ሙሉ በሙሉ ስለማይደግም ነው። ሆኖም ብዙ ጨዋታዎች ያለ ችግር ስለሚሠሩ፣ ሌላ ፋይል ከመፈለግ በፊት ምትኩን መሞከር ይመከራል።

5. በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ያካትታል። ፈርምዌር በቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ቢሆንም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አዋጁ ግለሰቦች ለግል ጉዳያቸው የታተመ ሥራን በአንድ ቅጂ እንዲያባዙ በመርህ ደረጃ ቢፈቅድም፣ ይህ አጠቃላይ ፈቃድ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም አይሠራም። ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የተቀመጠው ድንጋጌ ጠበብ ያለ ነው፤ የፕሮግራሙ ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት የሆነ ሰው ፕሮግራሙን ለተገኘበት ዓላማ ለመጠቀም፣ እንዲሁም የያዘው ቅጂ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ለመተካት በመጠባበቂያነት አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል።

ከዚህ ድንጋጌ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦችን መረዳት ይቻላል። በመጀመሪያ፣ ፈቃዱ የሚመነጨው ከሕጋዊ ባለቤትነት ነው፤ ኮንሶሉን በእጁ የያዘ ሰውና ኮንሶሉ ኖሮት የማያውቅ ሰው እኩል አይታዩም። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ለራስ መጠቀሚያ እንጂ ለማሰራጨት አይደለም፤ የመጠባበቂያ ቅጂን በቴሌግራም ቻናል ማጋራት ወይም በፍላሽ ገልብጦ መሸጥ በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም። ሦስተኛ፣ ኮንሶሉን ለሌላ ሰው የሸጠ ወገን ቅጂውን በእጁ ለማቆየት የሚያበቃው መሠረት አይኖረውም።

በውጭ አገር ተዘጋጅተው የታተሙ ሥራዎች በኢትዮጵያ ውስጥ የሚያገኙት ጥበቃ በአዋጁ የተፈጻሚነት ድንጋጌና ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ስለሆነም በአንድ የተወሰነ ፋይል ላይ የሕግ አስተያየት የሚፈልግ፣ በተለይም ሥራውን ለንግድ ሊያውለው ያሰበ ሰው፣ አስቀድሞ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የሚኖሩበት አገር ሕግ ተፈጻሚ እንደሚሆንባቸው ሊገነዘቡ ይገባል።

6. በሺህ የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ተጭነውባቸው የሚሸጡ መሣሪያዎች

ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ ወይም በእጅ የሚያዙ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የቆዩ ጨዋታዎች ተጭነውባቸው የሚሸጡ አነስተኛ መሣሪያዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ውስጥ ኢሙሌተር፣ የጨዋታ ፋይሎችና የፈርምዌር ፋይሎች አንድ ላይ ተጭነው ሊመጡ ይችላሉ። ወላጆች ለልጆቻቸው፣ ነጋዴዎች ደግሞ ለጨዋታ ቤታቸው ሲገዟቸው ዋጋውን ከፍለው እስከ ገዙ ድረስ በውስጡ ያለው ሁሉ ሕጋዊ እንደሆነ ሊገምቱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ዋጋ መከፈሉ ብቻውን በውስጡ ላሉት ፕሮግራሞች ፈቃድ ስለመሰጠቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ልዩነቱን ለማየት ሶኒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ለገበያ ያቀረበውን ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የተባለ አነስተኛ ኮንሶል መመልከት ይቻላል። በውስጡ የሚሠራው ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነው ፒሲኤስኤክስ-ሪአርምድ ኢሙሌተር ነው። ኩባንያው ግን የፈርምዌሩ ባለቤት በመሆኑ ለተጠቃሚው ማቅረብ ችሏል። ቴክኖሎጂው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ሕጋዊነቱን የለየው የባለመብቱ ፈቃድ ነው።

የጨዋታ ቤት ከፍተው አገልግሎት የሚሰጡ ነጋዴዎች ከግል ተጠቃሚዎች የበለጠ ጥንቃቄ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። በአዋጁ ለግል መጠባበቂያ የተሰጠው ጠባብ ፈቃድ፣ ከአንድ ኮንሶል የወጣን ፋይል በአሥር ኮምፒዩተሮች ላይ ገልብጦ በሰዓት ለማስከፈል የሚያበቃ አይደለም።

7. ፋይሉን ከራስ ኮንሶል ማውጣት

በሕግ በኩል ጥያቄ የማይበዛበት መንገድ ተጠቃሚው ከራሱ ኮንሶል ቅጂ ማውጣቱ ነው። አሠራሩ እንደ መሣሪያው ይለያያል። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ቀደምት ሞዴሎች ላይ ከኋላ በኩል በሚገኘው ማስገቢያ ተጨማሪ ካርትሪጅ በመሰካት የቺፑን ይዘት ወደ ኮምፒዩተር ማስተላለፍ ይቻላል። የሞዴል ቁጥራቸው በ9000 የሚጀምረው የኋለኞቹ ምርቶች ይህ ማስገቢያ የላቸውም። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደግሞ ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ አነስተኛ ፕሮግራም በኮንሶሉ ላይ በማስኬድ ይዘቱን በዩኤስቢ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ይቻላል። ሥራው የተወሰነ የቴክኒክ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ልምድ የሌለው ሰው ኮንሶሉን ፈትቶ ቺፑን ለመንቀል መሞከር የለበትም።

ቅጂ ከማውጣት በፊት የኮንሶሉ ሞዴል ቁጥር መመዝገብ አለበት። ቁጥሩ በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ ይገኛል። ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ላይ ኤስሲፒኤች-1000 የጃፓን፣ ኤስሲፒኤች-1001 የሰሜን አሜሪካ፣ ኤስሲፒኤች-1002 የአውሮፓ ምርት መሆኑን ያመለክታል። ልዩነቱ የቋንቋ ብቻ አይደለም። የጃፓንና የአሜሪካ ኮንሶሎች በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ በሚታደስ የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ የአውሮፓዎቹ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ በሚታደሰው ፓል ሥርዓት የተዘጋጁ ናቸው። የጨዋታው ክልልና የፈርምዌሩ ክልል ካልተጣጣሙ ጨዋታው ላይከፈት ወይም ፍጥነቱ ሊዛባ ይችላል።

8. የፋይሉን ትክክለኛነት ማረጋገጥ

ከኮንሶል የወጣ ፋይል በዝውውር ወቅት ሊበላሽ ይችላል። የተበላሸ ፋይል የሚያስከትለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የኢሙሌተሩ ወይም የጨዋታው ጉድለት ይመስላል። ስለዚህ በቅድሚያ ሦስት ነገሮች ይጣራሉ።

የመጀመሪያው መጠን ነው። የፕሌይስቴሽን ፋይል በትክክል 524,288 ባይት መሆን አለበት፤ በአንድ ባይት እንኳ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ የተሟላ ቅጂ አይደለም።

ሁለተኛው ሃሽ የተባለው የማረጋገጫ ኮድ ነው። ይህ ኮድ ከፋይሉ አጠቃላይ ይዘት በስሌት የሚገኝ፣ እንደ አሻራ የሚያገለግል መለያ ነው። ኤምዲ5 የተባለው ስሌት 32 ቁምፊዎች፣ ሻ-1 የተባለው ደግሞ 40 ቁምፊዎች ያሉት ኮድ ይሰጣል። በፋይሉ ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ ቢለወጥ ኮዱ ሙሉ በሙሉ የተለየ ይሆናል። የኢሙሌተር አዘጋጆች የትክክለኛዎቹን ፋይሎች ኮድ በመመሪያቸው ውስጥ ያትማሉ። ተጠቃሚው በዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል፣ በሊኑክስ ላይ ከሥርዓቱ ጋር በሚመጣው የኤምዲ5 ማስሊያ የራሱን ፋይል ኮድ አውጥቶ ከታተመው ጋር ያነጻጽራል።

ሦስተኛው ስምና ቦታ ነው። ኢሙሌተሩ ፋይሉን በተወሰነ ስም በተወሰነ ፎልደር ውስጥ ይፈልጋል። በሊኑክስ ላይ የላቲን ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ ተለያዩ ስለሚቆጠሩ፣ የፊደል መጠን ልዩነት ብቻ ፋይሉ «አልተገኘም» እንዲባል ሊያደርግ ይችላል። ሪትሮአርች በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ኢሙሌተር መረጃ የሚሰጠው ገጽ የሚፈለገውን ፋይል ስምና መኖር አለመኖሩን ያሳያል።

የሃሽ ኮድ መመሳሰል የሚያረጋግጠው ፋይሉ ያልተበላሸና ያልተነካካ መሆኑን ብቻ ነው። ፋይሉ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን አያረጋግጥም።

9. የማጭበርበሪያ ምልክቶች

የፈርምዌር ፋይል በኢሙሌተሩ የሚነበብ መረጃ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ ላይ በራሱ ተከፍቶ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። ይህን አንድ ነጥብ በሚገባ መያዝ ከአብዛኞቹ አደጋዎች ይጠብቃል። ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ፋይሉን ሳይከፍቱ ማጥፋት ያስፈልጋል፦

• «ባዮስ» ተብሎ የወረደው ፋይል በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ወይም በስልክ ላይ የሚጫን አፕሊኬሽን ሆኖ ሲገኝ። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን በመደበኛ ሁኔታው ስለሚደብቅ፣ የመረጃ ፋይል መስሎ የሚታየው በእርግጥ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ቅጥያዎቹ እንዲታዩ የሚያደርገውን ማስተካከያ መክፈት ተገቢ ነው።

• ፋይሉን ለመክፈት ጸረ-ቫይረስ እንዲጠፋ ሲጠየቅ።

• የስልክ ቁጥር፣ የባንክ መረጃ ወይም በአጭር መልእክት የተላከ የማረጋገጫ ቁጥር ሲጠየቅ።

• የፋይሉ መጠን ከላይ ከተጠቀሱት ጋር በእጅጉ ሲራራቅ። ለምሳሌ 16 ኪሎባይት መሆን የሚገባው የጌም ቦይ አድቫንስ ፋይል በብዙ ሜጋባይት ሲመጣ።

• የይለፍ ቃል ያለው የታመቀ ፋይል ሆኖ፣ የይለፍ ቃሉን ለማግኘት ሌላ ፕሮግራም መጫን ወይም ክፍያ መፈጸም ሲጠየቅ።

ኢሙሌተሩ ራሱም ቢሆን መወረድ ያለበት ከአዘጋጆቹ ይፋዊ ገጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ኢሙሌተሮች ያለ ክፍያ የሚገኙ በመሆናቸው፣ «ፈርምዌሩ አብሮ የተሟላለት» ተብሎ በሌላ ወገን በክፍያ የሚቀርብ ቅጂ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል።

10. ተጠቃሚዎች በቅደም ተከተል ሊከተሏቸው የሚገቡ ደረጃዎች

1ኛ) ጨዋታው የየትኛው ኮንሶል እንደሆነና ኢሙሌተሩ ለዚያ ኮንሶል የፈርምዌር ፋይል የሚፈልግ መሆኑን ከኢሙሌተሩ መመሪያ ማጣራት።

2ኛ) ምትክ ፈርምዌር ካለ በቅድሚያ እሱን መሞከር።

3ኛ) የኮንሶሉ አምራች ፋይሉን በይፋዊ ገጹ ያቀረበ ከሆነ ከዚያ ብቻ ማውረድ።

4ኛ) ይህ ካልሆነና ኮንሶሉ በእጅ ካለ የሞዴል ቁጥሩን መዝግቦ ቅጂውን ከራስ ኮንሶል ማውጣት፤ ለዚህም እንደ አስፈላጊነቱ የባለሙያ እገዛ መጠየቅ።

5ኛ) የፋይሉን መጠን፣ የሃሽ ኮድና ስም አረጋግጦ በተገቢው ፎልደር ማስቀመጥ።

6ኛ) ቅጂውን ለሌላ ሰው አለማስተላለፍ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አለማጋራትና ለሽያጭ አለማቅረብ።

11. ተጨማሪ ማብራሪያና እገዛ

የቅጅ መብትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ያሏቸው ተገልጋዮች፣ እንዲሁም የራሳቸውን ጨዋታ ወይም ሌላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፈው ማስመዝገብ የሚፈልጉ ወጣቶች ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት ይችላሉ። አጠራጣሪ ፋይል ከከፈቱ በኋላ መረጃቸው የተሰረቀባቸው ወይም ኮምፒዩተራቸው የተቆለፈባቸው ተጠቃሚዎች መሣሪያውን ከኢንተርኔት አላቅቀው፣ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎቻቸውን በሌላ መሣሪያ ቀይረው፣ ጉዳዩን ለባንካቸውና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

አንድ ሰው በልጅነቱ የተጫወተውን ጨዋታ ዳግም ለማየት መፈለጉ ነቀፋ የለበትም፤ ያረጁ መሣሪያዎች ይዘት እንዳይጠፋ ማድረግም ጠቃሚ ነው። ዓላማው በጎ የሚሆነው ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊ መብት ሲከበርና የተጠቃሚው መረጃ ሳይጎዳ ሲቀር ነው። የተጠየቀው ፋይል ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ሁለቱንም ለማሟላት ያስችላል።